በብዕሩ ላይ የማን ስም ይጻፍ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ዛሬ የምንመረምረው ጥያቄ ትንሽ ከሚመስል ዕቃ የተነሣ ነው፤ ይኸውም ብዕር ነው። ቀለም እየተሞላ የሚጻፍበትን ብዕር አንሥተን ብናየው በክዳኑ ወይም በአካሉ ላይ የአንድ ድርጅት ስም ተቀርጾበት እናገኛለን። ብዕሩን ብዕር የሚያሰኘው ግን ወረቀቱን የሚነካው ጫፉ ነው። ይህ ጫፍ ከወርቅ ወይም ከማይዝግ ብረት ይሠራል፤ መካከሉ ይሰነጠቃል፤ አፉ ላይ ጠንካራ ማዕድን ይበየድበታል፤ በመጨረሻም በጥንቃቄ ይሞረዳል። ስንጥቁ ጥቂት ቢዛባ ቀለሙ ይቆማል ወይም ይንጠባጠባል። አካሉ ምንም ቢያምር ጫፉ ካልሠራ ብዕሩ ጌጥ እንጂ መጻፊያ አይደለም።

ይሁን እንጂ ብዙ ብዕር ሠሪዎች ጫፉን ራሳቸው አይሠሩም። በጃፓን አገር ሴይለር እ.ኤ.አ. በ1911፣ ፓይለት በ1918፣ ፕላቲነም በ1919 የተቋቋሙ ሲሆን፣ ሦስቱም የብዕር ጫፍ በራሳቸው ፋብሪካ በመሥራት የታወቁ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1846 የተመሠረተው የአሜሪካው ክሮስ፣ ፒርለስ 125 ለተባለው ብዕሩ ባለ 18 ካራት የወርቅ ጫፍ ያሠራው በሴይለር ነው። ታቺያ ከሚባሉት ብዕሮችም የሴይለርን ጫፍ የያዙ አሉ። ናካያ የሚባሉት ደግሞ የፕላቲነምን ጫፍ ይይዛሉ። ሰው ግን ብዕሩን የሚጠራው በላዩ ባለው ስም ነው። ታዲያ ይህ ማታለል ነውን? ስምስ የሚገባው ለማን ነው?

በመጀመሪያ ባለ ስሙን አንኰንነው። እርሱም አካሉን ቀርጿል፤ ተስማሚውን ጫፍ መርጧል፤ አገጣጥሟል፤ ብዕሩ ቢበላሽም የሚጠየቀው እርሱ ነው። እንግዲህ ስም ክብር ብቻ ሳይሆን ዕዳም ነው። ስሙን በዕቃው ላይ የጻፈ ሰው ለዚያ ዕቃ ዋስ ሆነ ማለት ነው። በሌላው ሙያ መጠቀምም ነውር አይደለም። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው በመጀመሪያው መልእክት ምዕራፍ 12 እንዳስተማረን፣ አንዱ የአካል ክፍል ያለ ሌላው አይቆምም።

ይህ ነገር ለእኛም አዲስ አይደለም። አባቶቻችን በብራና ሲጽፉ የመቃውን ብርዕ በቢላዋ ቀርጸው፣ ጫፉን ሰንጥቀው፣ ጥቁሩንና ቀዩን ቀለም እያጠቀሱ ነበር። አንዱ ቆዳውን ይፍቃል፤ አንዱ ይጽፋል፤ አንዱ ደግሞ ገንዘብ አውጥቶ ያጽፋል። መጽሐፉ የአጻፊው ገንዘብ ይሆናል። ነገር ግን በብዙ የብራና መጻሕፍት መጨረሻ ላይ ለጻፈውም፣ ላጻፈውም፣ ለሚያነበውም፣ ለሚሰማውም ምሕረት የሚለምን ጸሎት እናገኛለን። ያጻፈው ክብሩን አላጣም፤ የጻፈውም አልተረሳም።

ከዚህ የበለጠ ምሳሌ ደግሞ በሮሜ መልእክት ምዕራፍ 16 አለ። መልእክቱ የጳውሎስ ነው፤ ብዕሩን የያዘው እጅ ግን የጤርጥዮስ ነበር። ጤርጥዮስም በመጨረሻው ላይ በገዛ ስሙ ለሮሜ ምእመናን ሰላምታ አቀረበ። ጳውሎስ አልከለከለውም። በዚህ የሐዋርያው ክብር ምን ጐደለ? ምንም አልጐደለም።

ምናልባት ከመካከላችን፣ «ስም መፈለግ ከንቱ ውዳሴ አይደለምን? ስማቸውን ሳይጽፉ ያለፉ አበው ብዙ አይደሉምን?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ጌታችን ምጽዋታችንን በስውር እንድናደርግ አስተምሮናል። ነገር ግን ሁለት ነገሮችን እንለይ። የራስን ስም መሰወር ትሕትና ነው፤ የሌላውን ስም መሰወር ግን የሰውን ድካም መውሰድ ነው። ትሕትና ከገዛ ፈቃድ ይወጣል እንጂ በሌላው ላይ የሚጫን ሸክም አይደለም። ወንድማችንን ትሑት ልናደርገው ብለን ስሙን ብንደብቅበት ትሕትናው የእርሱ አይሆንም፤ በደሉ ግን የእኛ ይሆናል።

እንግዲህ ማታለል የሚጀምረው ስም በመጻፍ ሳይሆን፣ ሲጠየቁ በመካድ ወይም በሌላው ሥራ ሲመሰገኑ ዝም በማለት ነው። ብዕር ሻጩ «ይህን ጫፍ ማን ሠራው?» ተብሎ ሲጠየቅ እውነቱን ቢናገር ስሙ ይበልጥ ይታመናል እንጂ አይወድቅም።

ጥያቄው በጃፓንና በአሜሪካ አይቀርም፤ ወደ ሸዋ ሮቢትም ይመጣል። እዚህ በመስኖ የለማው ሽንኩርት በመኪና ተጭኖ አዲስ አበባ ሲደርስ፣ ውሃ ያጠጣውና የኰተኰተው ሰው ማን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። ነጋዴው የእያንዳንዱን ገበሬ ስም ይጥራ አንልም። ዋጋ ሲቆርጥ ግን ያ ሰው በፊቱ እንደቆመ አድርጎ ያስብ። ስም ማድረስ በማይቻልበት ቦታ ተገቢውን ዋጋ ማድረስ የስም ምትክ ነው።

በእኛም ዘንድ እንዲሁ ነው። አንዱ መዝሙር ይደርሳል፤ ሌላው በጉባኤ ፊት ያቀርባል፤ ጭብጨባውም ለአቅራቢው ይሆናል። በዚህች መጽሔት ግርጌ የጸሐፊው ስም ይታያል፤ ስቴንስሉን የመታችውና ወረቀቱን ያባዛው ግን አይታዩም። በየቤታችንም ለበዓል እንግዳ ሲመጣ የሚመሰገነው ብዙ ጊዜ አባወራው ነው፤ ከሌሊት ጀምራ ጭስ ውስጥ የዋለችው እናት ግን ከጓዳ አልወጣችም።

ወንድሞችና እኅቶች፤ ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። ከመቃብር በላይ የሚውለው ግን በሌላው ላብ ያጌጠ ስም እንዳይሆን እንጠንቀቅ። በዚህ ሳምንት ምስጋና ሲደርሰን ከመቀበላችን በፊት፣ «ጫፉን የሠራው ማን ነው?» ብለን ራሳችንን እንጠይቅ። መልሱን ካገኘንም በሰው ፊት ስሙን ጠርተን እናመስግነው። እግዚአብሔር በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 31 የድንኳኑን ጠቢባን ባስልኤልንና ኤልያብን በስማቸው ጠርቷቸዋልና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።