ለደስታው የሚነዳ ሰበብ የለውም

ሞተር የሚነዳ ሰው ሁሉ አንድ አይደለም። አንዱ እንጀራው ስለሆነ ይነዳል፤ ዕቃ ያደርሳል፣ መልእክት ይወስዳል፣ በክፍለ ሀገር ከተሞች ሰው አፈናጦ ያመላልሳል። ዝናብ ቢወርድም ይወጣል፤ ጎማው ቢያልቅም «ይቺን ሳምንት ልሻገርባት» ይላል። ልጆቹ ራት ይጠብቁታልና ልንፈርድበት ይከብደናል። ሌላው ደግሞ የሥራ ቀኑን በታክሲ ወይም በመኪና ውሎ፣ እሑድ ጠዋት ሞተሩን አስነስቶ ወደ ሱሉልታ፣ ወደ ደብረ ብርሃን ወይም ወደ ቢሾፍቱ ለመንፈሱ እርካታ የሚወጣው ነው። ምክሬ ለዚህ ለሁለተኛው ነው።

የእሑዱን ሞተረኛ የሚያስገድደው ነገር የለም። ሰማዩ ከጠቆረ መቅረት ይችላል። ፍሬኑ ከላላ ጉዞውን ለሌላ ሳምንት ማሳደር ይችላል። ጓደኞቹ ከፈጠኑ ወደ ኋላ ቀርቶ በሰላም መድረስ ይችላል። ውሳኔው ሁሉ በእጁ ስለሆነ ሰበብ የለውም፤ መንገድ ላይ ከሚታየው ሞተረኛ ሁሉ ጠንቃቃው እሱ መሆን ነበረበት። የምናየው ግን ብዙ ጊዜ ተቃራኒውን ነው፦ በውድ ሞተር ላይ ርካሽ ሄልሜት፣ ብዙ ጉልበት በጥቂት ልምድ፣ የሚያበራ ቀለም ከደረቀ ካቴና ጋር። ይህን ቅደም ተከተል መገልበጥ አለብን።

መጀመሪያ ሕጉን እንወቅ። የሞተር ሳይክል መንጃ ፈቃድ የመኪና መንጃ ፈቃድ ላይ የሚጨመር ምርቃት አይደለም፤ ለብቻው ሠልጥነው፣ ለብቻው ተፈትነው የሚያገኙት ነው። የሦስተኛ ወገን መድንም በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የተጣለ ግዴታ ነው፤ ደስ ሲለን የምንገባው፣ ሲሰለቸን የምንተወው አይደለም። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ተጨማሪ ጉዳይ አለ። በ2011 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ የከተማው አስተዳደር ሞተሮች ያለ ልዩ ፈቃድ እንዳይንቀሳቀሱ አግዷል፤ ከምክንያቶቹ አንዱ በሞተር እየተበረረ የሚፈጸሙት ንጥቂያዎች ነበሩ። ጥቂቶች ባጠፉት ሁሉም ሞተረኛ ተቀጣ። ስለዚህ ብር ከመክፈላችሁ በፊት በምትኖሩበት ከተማ ዛሬ የሚሠራበትን መመሪያ ከመንገድ ትራንስፖርት ቢሮው ጠይቁ። ያገለገለ ሞተር ስትገዙም የሞተሩን ቁጥርና የሻንሲውን ቁጥር ከሊብሬው ጋር በዓይናችሁ አስተያዩ። «ስሙን በኋላ እናዞራለን» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ እለፉት።

ሁለተኛው አለባበሱ ነው። የያዛችሁት ገንዘብ ይህን ያህል ነው እንበል፤ ከዚያ ላይ በመጀመሪያ የሄልሜት፣ የጓንት፣ የወፍራም ጃኬትና ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማ ዋጋ ይነሣ። ሞተሩ በተረፈው ይገዛ። ካልበቃ ጥቂት ወር ይጠበቅ። ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ አይቶ የመዘነ ዓለም አቀፍ ግምገማ እንዳረጋገጠው ሄልሜት የሞት አደጋን በ42 በመቶ፣ የራስ ጉዳትን በ69 በመቶ ይቀንሳል። ይህን ያህል ሕይወት የሚያተርፍ ሌላ ዕቃ ሞተሩ ላይ የለም። ግን ሄልሜት ሁሉ አንድ አይደለም። ከውጭው ቅርፊት በታች ያለው ነጭ ጠንካራ ፎም ነው ምቱን የሚውጠው፤ አንዴ ከተጨፈለቀ ደግሞ አይመለስም። አንዴ የወደቀን ሄልሜት ላዩን ዓይቶ ደኅና ነው ማለት ስለማይቻል፣ ታሪኩን የማታውቁትን ያገለገለ ሄልሜት አትግዙ። ስትመርጡም ጉንጫችሁን ጠበቅ አድርጎ የሚይዝ ይሁን፤ ራሳችሁን ስትነቀንቁ ለብቻው የሚዞር ከሆነ ሰፍቷችኋል። ማሰሪያውንም እሰሩ። ያልታሰረ ሄልሜት ከሰውየው ቀድሞ መሬት ይደርሳል።

ወደ ሞተሩ ምርጫ ስንመጣ ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው በጉልበት ነው። ሆንዳ ሱፐር ከብን አስቡ። በ1958 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ ሲወጣ ሞተሩ 50 ሲሲ እንኳ አይሞላም ነበር። በ2017 እ.ኤ.አ. ግን የተመረቱት ብዛት 100 ሚሊዮን ደረሰ፤ በታሪክ ከእሱ በላይ በብዛት የተመረተ ባለሞተር ተሽከርካሪ የለም። ዓለም ይህን ሞተር የወደደው ስለሚፈጥን አይደለም። ቀላል ነው፣ ነዳጅ ይቆጥባል፣ ቢበላሽ የትም ይጠገናል፤ እሱ ላይ ተቀምጦ ያልተማመነ ሰውም ጥቂት ነው። የመጀመሪያ ሞተራችሁን በዚሁ መስፈርት ለኩት። ተቀምጣችሁበት ሁለቱም እግሮቻችሁ መሬት በደንብ ይረግጣሉ? ቢወድቅ ብቻችሁን ታነሡታላችሁ? የፍሬን ሸራውና ካቴናው መርካቶ ይገኛል ወይስ ከውጭ አገር በዘመድ ሻንጣ ይጠበቃል? እንደ ባጃጅ ቦክሰርና ቲቪኤስ ያሉት የህንድ ሞተሮች በየከተማው የሚያውቃቸው መካኒክ ስላለ ለጀማሪ የሚመቹት ለዚህ ነው። ከ125 እስከ 200 ሲሲ ያለው ለእሑድ ጉዞ አያንስም። ከአንድ ሁለት ዓመት በኋላ የበለጠ ጉልበት ካማራችሁ ያኔ እጃችሁም ዓይናችሁም ተለማምዷል።

«ደጋ ላይ ሞተር ይደክማል፣ ስለዚህ ትልቅ ልግዛ» የሚል አለ። መድከሙ እውነት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስለሚሳሳ አንድ ሞተር ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚያወጣው ጉልበት ሩቡን ገደማ እዚህ ያጣል፤ እንጦጦ ላይ ደግሞ ይብስበታል። ነገር ግን የቀነሰው ጉልበት ብቻ ነው፤ ክብደቱ አልቀነሰም፣ የፍሬኑ ሥራም አልቀለለም። ከፍታው ሌላ ነገር ያስታውሰን፦ ካርቡራተር ያለው ሞተር ለቆላ እንደተስተካከለ ደጋ ከወጣ ቤንዚን ይበዛበታል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጭስ ያበዛል። ደጋና ቆላ የምትመላለሱ ከሆነ ነዳጁን በኤሌክትሮኒክስ የሚመጥነውን ኢንጀክሽን ምረጡ። ካርቡራተር ያለው ከሆነ ደግሞ በምትኖሩበት ከፍታ ላይ ይስተካከልላችሁ።

ገዝታችሁ ወደ ቤት ካስገባችሁ በኋላ የሚመጣው ጥገና ነው፤ የእሑድ ሞተረኛ በብዛት የሚሰንፈው እዚህ ላይ ነው። «ብዙ አይሄድም፣ ምን ይሆናል?» ይላል። ቆሞ የሚውል ሞተር ግን በራሱ መንገድ ይታመማል። ባትሪው ይወርዳል፣ ካርቡራተሩ ውስጥ የቀረው ቤንዚን ይረጋል፣ ካቴናው ይዝጋል። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ነው። ዘይቱን በመመሪያው በተጻፈው ኪሎ ሜትር ለውጡ፤ ኪሎ ሜትሩ ባይሞላም ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ይለወጥ። የዘይቱንም ዓይነት እዩ። ማርሽ ባላቸው በአብዛኞቹ ሞተሮች አንዱ ዘይት ሞተሩንም፣ ማርሹንም፣ ፍሪሲዮኑንም ያጥባል። ለመኪና የተሠሩ አንዳንድ ዘይቶች ግን መፋተግን የሚቀንስ ቅመም ስላላቸው ፍሪሲዮኑን ያንሸራትቱታል። ስለዚህ ጣሳው ላይ «ጃሶ ኤምኤ» የሚል ምልክት ፈልጉ፤ ይህ የጃፓኖች የሞተር ሳይክል ዘይት መለኪያ ነው።

ካቴናውን በየ500 ኪሎ ሜትሩና ከዝናብ በኋላ ጠርጋችሁ ቀቡት። መካከሉን በጣት ወደ ላይና ወደ ታች ስታንቀሳቅሱት በብዙ የመንገድ ሞተሮች ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር መጫወት አለበት፤ የእናንተን ልክ ከመመሪያው እዩ። በጣም ከጠበቀ ኩሽኔታውን ይበላል፤ በጣም ከላላ ከጥርሱ ወጥቶ የኋላ ጎማውን ሊይዝ ይችላል። በበጋው አቧራ የአየር ፊልትሮውን ቶሎ ቶሎ ክፈቱና እዩ። ጎማ ስትገዙም ጥርሱን ብቻ አትዩ። ጎኑ ላይ አራት አኃዝ ያለው ቁጥር አለ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ይናገራሉ። 2416 ከሆነ በ2016 እ.ኤ.አ. በ24ኛው ሳምንት የተሠራ ነው፤ ሱቅ ውስጥ ቢያበራም አርጅቷል። በኛ አቆጣጠር አንብባችሁት አዲስ እንዳይመስላችሁ።

የፍሬን ዘይት ለብቻው ይነገርለት፤ ብዙ ሰው ይረሳዋልና። ይህ ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል። እርጥበት የገባበት ዘይት ፍሬኑ ሲግል ቶሎ ይፈላል፤ ሲፈላም ፍሬን የያዛችሁበት መያዣ ባዶውን ይሄዳል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደውን መንገድ አስቡት፦ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት፣ ጠመዝማዛ፣ ከባድ መኪና የበዛበት። እዚያ ላይ ፍሬን ከጠፋ የሚመክር የለም። ስለዚህ ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ ለውጡ፤ ቁልቁለቱንም በከባድ ማርሽ ውረዱ። ሞተሩ ራሱ ይያዛችሁ፤ ፍሬኑ ለድንገተኛ ነገር ይቆይላችሁ።

አነዳዱ ላይ ደግሞ አንድ የቆየ ጥናት ብዙ ያስተምራል። በአሜሪካ ሃሪ ኸርት የሚባል ተመራማሪና ባልደረቦቹ በሎስ አንጀለስ አካባቢ 900 የሞተር አደጋዎችን በደረሱበት ቦታ እየተገኙ መርምረው በ1981 እ.ኤ.አ. ውጤቱን አወጡ። ከሌላ ተሽከርካሪ ጋር ከተጋጩት መካከል በሁለት ሦስተኛው ላይ ቅድሚያ የነሣው የመኪናው ሹፌር ነበር፤ አብዛኛውን ጊዜ ሞተሩን አላየውም። እዚሁ ጥናት ላይ አደጋ ከደረሰባቸው ሞተረኞች 92 በመቶው ነጂነትን ከጓደኛና ከቤተሰብ ወይም በራሳቸው የተማሩ ነበሩ። ሁለቱን አንድ ላይ ያየ ሰው ማድረግ ያለበትን ያውቃል። በቀንም መብራት አብሩ፣ ደማቅ ልብስ ልበሱ፣ መስቀለኛ መንገድ ላይ ያለው ሹፌር «አላየኝም» ብላችሁ ገምቱ፤ መንዳትንም ከጓደኛ ሳይሆን ከአሠልጣኝ ተማሩ።

ፍጥነትን በሚመለከት ሒሳቡ ቀላል ነው። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር በደረቅ አስፋልት በጥሩ ፍሬን ለመቆም 9 ሜትር ገደማ ከፈለገ፣ በ80 የሚሄደው 36 ሜትር ገደማ ይፈልጋል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ርቀቱ አራት እጥፍ ነው፤ ደንግጣችሁ ፍሬን እስክትይዙ የምትሄዱት ሜትር አልተቆጠረም። አህያና በግ ድንገት በሚገባበት መንገዳችን ላይ ይህን ልብ ማለት ይገባል። ከሚያቆማችሁ ኃይል ትልቁ ያለው የፊት ፍሬን ላይ ነው፤ በደረቅ አስፋልት ሁለቱን አንድ ላይ፣ የፊቱን ቀስ በቀስ እያጠበቃችሁ መያዝን ባዶ ሜዳ ላይ ተለማመዱ። ጠጠር ላይ ግን የፊቱን በድንገት አትጨብጡ።

በቡድን ስትወጡ ፍጥነቱን የሚወስነው ጀማሪው ይሁን። ቀልጣፋው ከፊት ሄዶ ጀማሪው እሱን ለመድረስ ሲሮጥ ነው የሚወድቀው። ማርሚታውን ቆርጦ ሰፈር ማስጮህም ጀግንነት አይደለም። ቀድሞ በነጣቂ የተነሣ ስማችን ለጠፋብን ሰዎች የጎረቤት እንቅልፍ መንሣት ተጨማሪ ጥላቻ መግዛት ነው። ከኋላ ሰው ስትጭኑ ደግሞ ለእሱ ሄልሜት ከሌላችሁ አትጫኑት፤ እህትም ትሁን ወዳጅ «ቅርብ ነው» አይባልም።

ሞተር ደስታ ይሰጣል፤ ይህን አልክድም። ግን ይህ ደስታ የናንተ ብቻ አይደለም፤ ቤት ሆነው የሚጠብቋችሁ እናትና ልጆች ድርሻ አላቸው። ነገ ልትወጡ ካሰባችሁ ዛሬ ማታ የጎማውን አየር፣ ካቴናውን፣ ፍሬኑንና መብራቱን ፈትሹ። አንዱ ጎድሎ ካገኛችሁት ነገ አትውጡ።