ሕመምን የሚያስታግሥ ዕፅና የነቃ ልቡና

ከእግዚአብሔር የተሰጠን ሥጋ እንደ አሮጌ ቤት ምሰሶው የሚላላበት፥ ማገሩም የሚንቋቋበት ጊዜ አለው። በወጣትነቱ ሌሊቱን ሙሉ በማኅሌት ቆሞ ያድር የነበረ ካህን በእርጅናው ዘመን ከመቋሚያው ላይ ቀና ማለት ያቅተዋል፤ በዐቢይ ጾም ስግደትን ታበዛ የነበረች እናትም ጉልበቷ አልታዘዝ ብሏት በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ተጠግታ ትቀመጣለች። በተለምዶ ቁርጥማት የምንለው የመገጣጠሚያ ሕመም ፈጥኖ የሚገድል ደዌ ባለመሆኑ ብዙ ሰዎች አቃልለው ያዩታል። ነገር ግን እንቅልፍን የሚነሣ፥ ትዕግሥትን የሚያሟጥጥ፥ ሰውንም ከማኅበር የሚለይ ስለ ሆነ ሸክሙ ለተሸካሚው ቀላል አይደለም።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ከሀገር ውጭ፥ ይልቁንም በአሜሪካ የሚኖሩ ምእመናን ስለዚሁ ሕመም አንድ ጥያቄ ደጋግመው ያቀርቡልናል። ይኸውም፦ ካናቢስ ከተባለው ዕፅ የተዘጋጀ መድኃኒት በሐኪም ምክር ለእናታችን ቢሰጣት ትወስደው ዘንድ ይገባልን? ወይስ ኀጢአት ይሆንባታል? የሚል ነው። ይህ ዕፅ በእኛ ዘንድ ሐሺሽ እየተባለ የሚጠራ፥ ብዙ ወጣቶችን ከትምህርትና ከሥራ ያሰናከለ ስለ ሆነ፥ ጥያቄው ሰሚውን ያስደነግጣል። ሆኖም ቸል የሚባል አይደለም፤ የሚጠይቀን ስካርን የሚሻ ሰው ሳይሆን ሌሊቱን በሕመም የሚያነጋ አረጋዊ ነውና።

እኛም ጥያቄው መጀመሪያ በደረሰን ጊዜ ሳናስብ ፈጥነን መለስን። አንዲት እናት ስለ ጉልበቷና ስለ ጣቶቿ ሕመም ነግራን፥ «ልጆቼ ከሐኪም አምጥተው ይህን ዘይት ከምላሴ ሥር ጠብ ያደርጉልኛል፤ ምን ይሉኛል?» ብትለን፥ ሕመም መስቀል እንደ ሆነና በትዕግሥት መሸከም እንደሚገባ ነግረን አሰናበትናት። እርሷም «እሺ» ብላ ሄደች። ከወራት በኋላ ግን ከቤተ ክርስቲያን መቅረቷን ሰማን። የቀረችውም ጉልበቷ ከልክሏት አልነበረም። ሕመሙ ሲበረታባት መድኃኒቱን በስውር ትወስድ ኖሮ፥ ከቅዱስ ቍርባን ለመቅረብ እንደማትበቃ በራሷ ላይ ፈርዳ ነው። ስሕተታችንን ያወቅነው ያን ጊዜ ነው። የራሳችን ጉልበት ሳያመን የሌላውን ሕመም መስቀል ብሎ መሰየም ቀላል ሆኖልን ነበር። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣንም ይኸው ነው።

አስቀድመን ቅዱሳት መጻሕፍት ስለ መድኃኒት ምን እንደሚያስተምሩን እንመልከት። ሲራክ በሠላሳ ስምንተኛው ምዕራፍ ሐኪምን የፈጠረውም፥ ከምድር መድኃኒትን ያወጣውም ራሱ እግዚአብሔር መሆኑን ይነግረናል። ነቢዩ ኢሳይያስ ለንጉሥ ሕዝቅያስ ጸሎትን ብቻ ሳይሆን ለቍስሉ የበለስ ጥፍጥፍም አዘዘለት። ቅዱስ ጳውሎስ ደቀ መዝሙሩን ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱ ሕመም ጥቂት የወይን ጠጅ እንዲወስድ መክሮታል። ንጉሥ አሳ ግን እግሩን በታመመ ጊዜ ነቀፋ አገኘው፤ የተነቀፈውም ሐኪሞችን ስለ ጠራ ሳይሆን ሐኪሞችን ጠርቶ እግዚአብሔርን ስለ ዘነጋ ነው። በእኛም ዘመን እ. ኤ. አ. በ2007 ዓ. ም. ብፁዕ ወቅዱስ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበሉንም የሐኪም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ ማስተማራቸው ከዚሁ መንገድ የወጣ አይደለም።

«መድኃኒት መልካም ነው፤ ይህ ዕፅ ግን የሚያሰክር ነው» የሚል ቢኖር፥ ንግግሩ እውነትነት አለውና መልስ ይገባዋል። አባቶቻችን የኮሶን ትል ለማውጣት ኮሶ ይጠጡ ነበር። ኮሶ በልኩ ሲጠጣ ፈውስ፥ ከልክ ሲያልፍ ግን ጕዳት እንደ ሆነ ሁሉም ያውቁ ነበር፤ ስለ ጕዳቱም ዛፉን አልረገሙትም። ጠጅ በሰርግ ቤት ይቀርባል፤ ስካር ግን ይወገዛል። እንግዲያስ ኀጢአት በቅጠሉና በአበባው ውስጥ የሚበቅል ሳይሆን በሰው ፈቃድ ውስጥ የሚበቅል ነው። ይህም ሲባል ዕፅ ሁሉ ለሁሉ ሰው ይገባል ማለት አይደለም፤ እያንዳንዱ እንደ ሥራውና እንደ መጠኑ ሊመረመር ይገባዋል እንጂ።

የዚህን ዕፅ ሥራ ሊቃውንቱ መርምረውታል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዘመናት አንዱ ሲቀር በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። በካናቢስ ውስጥ ካሉት ብዙ ንጥረ ነገሮች ሁለቱ ዋነኞች ናቸው። አእምሮን የሚያሰክረው ቲ ኤች ሲ የሚባለው ነው፤ ይህንም ራፋኤል ሜቹላምና የሒኤል ጋኦኒ በ1964 ዓ. ም. በእስራኤል ሀገር ለይተው አወጡት። ሁለተኛው ሲ ቢ ዲ የሚባለው ሲሆን እንደ ፊተኛው አያሰክርም። በ2006 ዓ. ም. በታተመ ጥናት የሁለቱን ቅልቅል በአፍ ውስጥ የሚረጭ መድኃኒት አድርገው በመገጣጠሚያ ብግነት በታመሙ 58 ሰዎች ላይ ለአምስት ሳምንት ፈተኑት፤ ሕመማቸው በመጠኑ ተቃለለ፥ እንቅልፋቸውም ተሻሻለ፥ የጧት ግትርነታቸው ግን አልተለወጠም። በ2022 ዓ. ም. የታተመው የዴንማርክ ጥናት ደግሞ 136 ሕሙማንን ለ12 ሳምንት ተከታትሎ፥ ሲ ቢ ዲ የወሰዱት መድኃኒት የሌለበት እንክብል ከወሰዱት የተሻለ እፎይታ እንዳላገኙ አሳየ። የሕመም ጥናት ዓለም አቀፍ ማኅበርም በ2021 ዓ. ም. ዕፁን ለሕመም ማስታገሻነት ደግፎ ለመናገር ማስረጃው እንደማይበቃ አስታወቀ። እንግዲህ አንዳንዶቹን ይረዳል፥ ብዙዎቹን አይረዳም፤ ተአምር እንደ ሆነ አድርገው የሚሸጡትም ሰዎች እውነቱን አይናገሩም።

ከዚህም ጋር ሊዘነጋ የማይገባ ነገር አለ። የመገጣጠሚያ ሕመም አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። አንዱ የአጥንቱ ልባስ በዕድሜና በሸክም ብዛት ሲያልቅ የሚመጣ ነው፤ ሌላው የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ የራሱን መገጣጠሚያ ሲያጠቃ የሚመጣ ነው። ይህ ሁለተኛው በጊዜው በተገቢው መድኃኒት ካልተገታ መገጣጠሚያውን ያፈርሰዋል። በዕፁ ሕመሙን ብቻ አደንዝዞ የሐኪሙን መድኃኒት የተወ ሰው፥ ቤቱ ሲቃጠል የሚጮኸውን ደወል አፍኖ እንደሚተኛ ሰው ነው። ደግሞም ዕፁ አረጋውያንን አዙሮ ሊጥላቸው ይችላል፤ ደም እንዳይረጋ የሚወሰደውን ዋርፋሪን የተባለውን መድኃኒት ኀይል አብዝቶም ለመድማት ሊያጋልጥ ይችላል። ስለዚህ ከሐኪም ተሰውሮ መውሰድ ራስን ለአደጋ መስጠት ነው።

አሁን ወደ ጥያቄው ሥር እንመለስ። ጌታችን በጎልጎታ ከርቤ የተቀላቀለበትን የወይን ጠጅ በሰጡት ጊዜ አልተቀበለም። እንግዲያስ እኛም ማስታገሻን ሁሉ እንቢ እንበልን? አይደለም። እርሱ ስለ እኛ በፈቃዱ የተቀበለውን ጽዋ በፍጹም ንቃት ጠጣው፤ ወደ እርሱ የመጡትን ሕሙማን ግን ይፈውሳቸው ነበር እንጂ በሕመማችሁ ኑሩ ብሎ አልመለሳቸውም። ቅዱስ ጳውሎስም ስለ ሥጋው መውጊያ ሦስት ጊዜ ለምኗል፤ እፎይታን መሻቱ እምነት እንደ ጐደለው አልተቈጠረበትም። በድካሙ እንዲጸና የሚያደርገውም መልስ የመጣለት ከእግዚአብሔር ነው፤ ጤነኛ ከሆነ ጎረቤቱ አይደለም። ሕመምን በፈቃዱ መስቀል አድርጎ መሸከም የሚችል ታማሚው ራሱ ብቻ ነው፤ እኛ የምንሸከምለት እንጂ የምንጭንበት አይደለንም።

ነገር ግን ጌታችን በመከራው ሰዓት የጠበቀው ያ የነቃ ልቡና ለእኛም መለኪያችን ነው። መድኃኒቱን የሚወስድ ክርስቲያን ራሱን እንዲህ ብሎ ይጠይቅ፦ ይህን የምወስደው ወደ ሕይወት ለመመለስ ነው ወይስ ከሕይወት ለመሸሽ? ከወሰድሁ በኋላ ጸሎቴን አስተውዬ እጸልያለሁን? የልጅ ልጆቼን ቃል እሰማለሁን? የምወስደውን ለሐኪሜና ለንስሐ አባቴ በግልጥ መናገር እችላለሁን? ሕመሙ ቀንሶለት ተነሥቶ ለመቆም፥ ተኝቶ ለማደር፥ ከሰው ጋር ለመኖር የሚረዳው ከሆነ መድኃኒት ነው። አእምሮውን እየጋረደ፥ መጠኑን እያሳደገ፥ ከጸሎትና ከሰው የሚለየው ከሆነ ግን በሐኪም ወረቀት ቢታዘዝም እስራት ነው።

ሕግንም ማክበር ይገባል። በ1961 ዓ. ም. የተፈረመው ዓለም አቀፍ ስምምነት ካናቢስን እጅግ ከሚከለከሉት ጋር መድቦት ነበር፤ በታኅሣሥ 2020 ዓ. ም. የተባበሩት መንግሥታት ኮሚሽን በ27 ድምፅ በ25 ተቃውሞ ከዚያ ከጽኑው ሠንጠረዥ አወጣው፥ ቁጥጥሩ ግን አልቀረም። በሀገራችንም፥ በእኛ አቈጣጠር በ1997 ዓ. ም. በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 525 ይህን የመሰለውን ዕፅ ያለ ፈቃድ ማምረትን፥ ማስገባትንና መጠቀምን ይቀጣል። ስለዚህ በውጭ ሀገር በሐኪም የታዘዘለት ሰው «ለእናቴ ይጠቅማታል» ብሎ በሻንጣው ይዞ ወደ ሀገር ቢመጣ፥ በጎ አሳቡ ከወንጀል አያድነውም። በአሜሪካም ካሊፎርኒያ በ1996 ዓ. ም. ለሕክምና ከፈቀደ በኋላ ብዙ ግዛቶች ተከትለውታል፤ ሆኖም የስደተኞች ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ በ2019 ዓ. ም. ባወጣው መመሪያ፥ ግዛቱ ቢፈቅድም ዕፁን መጠቀም ዜግነት ለሚጠይቅ ሰው እንቅፋት ሊሆን እንደሚችል አስታውቋል። ዜግነት ያላገኙ ወገኖቻችን አስቀድመው የሕግ ዐዋቂ ይጠይቁ።

ለካህናት ወንድሞቻችንም አንድ ቃል አለን። ምእመን ስለ ሕመሙ ሲነግረን ከመፍረዳችን በፊት እንስማው። መስገድ ያልቻለውን ተቀምጦ እንዲጸልይ፥ መጾም ያልቻለውን ሕሙም ቤተ ክርስቲያናችን እንደማታስገድደው እናስተምረው። ወደ ሐኪሙ እንምራው፥ በጸሎትና በጠበልም እንርዳው፤ በመድኃኒቱ ባርነት እንዳይያዝም አብረን እንጠብቀው። የምንፈርድበት ከሆነ ግን መድኃኒቱን አይተውም፤ እኛን ይተወናል እንጂ።

ያችን እናት ፈልገን አግኝተናታል። ያን ቀን ልንነግራት ይገባን የነበረውን ዘግይተን ነገርናት፦ መድኃኒትሽን ለሐኪምሽ አትሰውሪ፤ ልቡናሽን ንቁ አድርጊ፤ እስክትድኚ ድረስ ሳይሆን እንዳለሽ ወደ ቤተ ክርስቲያን ነዪ፤ መቀመጫ እናዘጋጅልሻለን። እግዚአብሔር በሕመም ላሉት ሁሉ እፎይታን፥ ለጤነኞቹም ርኅራኄን ይስጥልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።