የጉልበት ዕዳ

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ከጎረቤቱ ምንም ዕዳ የሌለበት ሰው ከሁሉ የተሻለ ሰው ነውን? ይህን ጥያቄ ያስነሣብኝ ቤት ነው።

ከጣራ ገዳም ግርጌ ባለው አገራችን የአባቴ ጎጆ የተሠራችው በደቦ ነበር። ዙሪያዋን እንጨት ተተከለ፥ ማገሩ በልጥ ታሰረ፥ ከጤፍ ጭድ ጋራ ተረግጦ የቦካው ጭቃ ተመረገ፤ ምሰሶው ቆሞ ወራጁ ከተዋቀረ በኋላ ሣሩ ከታች ወደ ላይ ተከደነ። በውስጧም የጭቃ መደብ፥ የእህል ጎታ፥ ምድጃ፥ እንስራና ሞሰብ ነበሩ። አባቴ በዕለቱ የከፈለው ጠላና እንጀራ ብቻ ነው፤ የቀረውን የእነርሱ ጎጆ ሲሠራ በጉልበቱ ከፈለ።

እኔ መምህር ሆኜ ደመወዝ ባገኘሁ ጊዜ በዚያው ቦታ የቆርቆሮ ቤት አሠራሁ። የአባቴ ባልንጀራ የነበሩ አንድ ሽማግሌ መጥረቢያቸውን ይዘው መጡ።

«አባቴ፥ አንቱን ማድከም አልሻም፤ ሠራተኛ ቀጥሬአለሁ» አልኋቸው።

ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። እርሳቸውም «እንግዲያውስ ይቅናህ ልጄ» ብለው ተመለሱ። በሁለተኛው ዓመት የእርሳቸው ጎጆ ክዳን ሲታደስ መንደሩ ሁሉ ተጠራ፤ እኔ ግን አልተጠራሁም። ምክንያቱን ብጠይቃቸው «አንተ የማንም ዕዳ የለብህም፤ በምን አፌ ልጥራህ?» አሉኝ።

ቆርቆሮውን አልነቅፍም። ሣር በየጊዜው መታደስ አለበት፥ እሳትም ፈጥኖ ይበላዋል፤ መስኮት ያልነበራት የጎጆአችን ጢስ የእናቴን ዓይን ጎድቷል። የግጦሹ መሬት እየታረሰ በመሄዱም የክዳን ሣር እንደ ድሮው አይገኝም።

ደግሞ «የሰውን ጉልበት በከንቱ ከመውሰድ ገንዘብ መክፈል ይሻላል» የሚል ይኖራል። በጉልት ዘመን ገበሬው ለጌታው ያለ ዋጋ ይሠራ ነበርና ነገሩ እውነት አለው። ደቦ ግን ተራ አለው፤ ዛሬ የሰጠ ነገ ይቀበላል። ሽማግሌው ይዘውልኝ የመጡት ጉልበት ብቻ አልነበረም፤ ነገ እኔን የመጥራት መብትም ነበር። እኔ እንቢ ስል የነሣኋቸው ይህንኑ ነው። ኩራቴን ደግነት ብዬ ጠርቼው ኖሯል።

ሥራው ሁለት ቀን ነበርና በማግሥቱ ሳልጠራ ሄጄ ሣር ሳቀብል ዋልሁ። በክረምት ነፋስ አጥሬን ሲጥለው እርሳቸው ከሁሉ ቀድመው መጡ። እኔም ሠራተኛ አልቀጠርሁም፤ ጠላ አስጠመቅሁ።