ስሙን ሰምተን ሰውየውን ስንስት



ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት እህት ከአምልኮ በኋላ በር ላይ ጠበቀችኝ። ያደገችው በኦርቶዶክስ ቤት እንደሆነ ስትነግረኝ፣ ለእርሷ የሚሆን ስብከት ወዲያው በልቤ ተዘጋጀ። ግማሽ ሰዓት አስረዳኋት። በትሕትና አዳምጣኝ ሄደች። በዚያ ሳምንት ወንድሟ አገር ቤት ማረፉን፣ ለቀብሩም መድረስ አለመቻሏን የሰማሁት ከወር በኋላ ነው። የመጣችው እንድጸልይላት ነበር። እኔ «ኦርቶዶክስ» የሚለውን ቃል ሰማሁ፤ እርሷን ግን አልሰማኋትም።

ወገኖቼ፣ መጠሪያ ሰውን የሚያሳየን ይመስለናል። ብዙ ጊዜ ግን ይጋርድብናል።

የእኛኑ ስም ተመልከቱ። «ጴንጤ» ከጴንጤቆስጤ የመጣ ቃል ነው፤ አገር ቤት ግን መዘባበቻ ሆኖ ሁላችንም ላይ ተለጠፈ። ሉተራዊቷ መካነ ኢየሱስ ሕፃናትን ታጠምቃለች። ከሜኖናውያን ሚሲዮን የተነሣችው መሠረተ ክርስቶስ አምኖ የመሰከረውን ታጠምቃለች። በሰፈር ሰው አፍ ግን ሁለቱም «ጴንጤ» ናቸው። «ወንጌላዊ» ስንልም አንዳንዴ አገልጋዩን፣ አንዳንዴ የእምነቱን ወገን ማለታችን ነው። እዚህ አሜሪካ ያንኑ ስም ብትጠሩ ብዙ ሰው የሚያስበው ስለ ምርጫ ነው።

ደግሞስ «ኦርቶዶክስ» በግሪኩ የቀና እምነት ማለት አይደለም? «ካቶሊክ» ማለትስ ሁሉን የሚያቅፍ አይደለም? ከእነዚህ አንዱን «የእኔ አይደለም» የሚል ክርስቲያን ማን ነው?

ታዲያ ሁሉም አንድ ነው ልል ነው? አይደለም። ስለ ጥምቀት፣ ስለ ቅዱሳን ምልጃ በእውነት እንለያያለን። «ሁሉም አንድ ነው» ማለትም ራሱ ሌላ መጋረጃ ነው። የምለው ይህን ነው፦ ስሙ የንግግራችን መጀመሪያ እንጂ መደምደሚያ አይሁን። ወንድሜን ሳልጠይቀው «እንዲህ ያምናል» ካልሁ፣ ዘጸአት 20፥16 የሚከለክለውን የሐሰት ምስክርነት መስክሬበታለሁ።

1ኛ ቆሮንቶስ 1፥12ን ስታነቡ አንድ ነገር ልብ በሉ። ጳውሎስ የወቀሳቸው የጳውሎስ፣ የአጵሎስ፣ የኬፋ ነን ያሉትን ብቻ አይደለም። የክርስቶስ ነን ያሉትም እዚያው ዝርዝር ውስጥ አሉ! ከሁሉ የሚበልጠው ስም እንኳ ወንድምን ማግለያ ሲሆን አጥር ይሆናል።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ከሥራ ባልደረባችሁ ጋር ስታወሩ፣ አገር ቤት ላሉት እናታችሁም ስትደውሉ፣ «ሃይማኖት» የሚለው ክርክር ከመነሣቱ በፊት «ምን ልጸልይልህ? ምን ልጸልይልሽ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ ዝም ብላችሁ ስሙ።

ያቺን እህት ይቅርታ ጠየቅኋት። «ግድ የለም ፓስተር፤ አሁን እንጸልይ?» አለችኝ። ጸለይን። ስለ ልዩነታችንም በኋላ ብዙ ተነጋገርን። ያን ጊዜ ግን የምናገረው ከማውቃት እህት ጋር ነበር።

ጸጋ ይብዛላችሁ። አሜን።