ከሻይ ዕረፍት የተወለደ ጉባኤ

እ.ኤ.አ. በ1983 አሜሪካዊው ሃሪሰን ኦወን 250 ሰዎች የሚገኙበት ዓለም አቀፍ ጉባኤ ለማሰናዳት አንድ ዓመት ሙሉ ደከመ። አዳራሽ ያዘ፣ ተናጋሪ መረጠ፣ መርሐ ግብር አወጣ። ሁሉም ካለፈ በኋላ ግን እሱም ተሳታፊዎቹም በአንድ ነገር ተስማሙ፦ ከጉባኤው ሁሉ የጣማቸው የሻይ ዕረፍቱ ነበር።

ስብሰባ ላይ ውሎ ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። መድረኩ ፊት ለፊት ሲያንቀላፋ ያረፈደ ባለሙያ፣ ስኒውን ይዞ ኮሪደር ላይ ሲቆም አንደበቱ ይፈታል። በ1927 የፊዚክስ ሊቃውንት ለሶልቬይ ጉባኤ ብራሰልስ ሲሰበሰቡ፣ የአንስታይንና የኒልስ ቦር ሙግት ይበልጥ የጋለው በሆቴሉ ገበታ ዙሪያ ነበር። አንስታይን ቁርስ ላይ አዲሱን የኳንተም ንድፈ ሐሳብ የሚያናጋ ምናባዊ ሙከራ ይዞ ይመጣል፤ ቦር ሲያወጣ ሲያወርድ ይውልና እራት ላይ መልሱን ያቀርባል።

እንዲህ ያለውን ጨዋታ ቦታና ሰዓት ቆርጦ ማደራጀት ይቻላል? ወይስ የተደራጀ ዕለት ነጻነቱ ያከትማል?

ቅስና የተቀበለው ኦወን ይቻላል ባይ ነበር። ላይቤሪያ ውስጥ ባላማ በምትባል መንደር፣ ወንዶች ልጆች ለአቅመ አዳም ሲደርሱ የሚደረገውን የአራት ቀን በዓል አይቶ ነበር፤ አዘጋጅ ኮሚቴ ሳይኖረው ሥርዓቱ ግን ዝንፍ አላለም። በ1985 ካሊፎርኒያ ሞንተሬይ ላይ 85 ሰዎችን ያለ አጀንዳ ክብ ሠርተው እንዲቀመጡ አደረገ። የሚከነክነው ጉዳይ ያለው ሰው ተነስቶ መሃል ይገባል፣ ርዕሱን ወረቀት ላይ ይጽፋል፣ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ከቦታና ከሰዓት ጋር ግድግዳው ላይ ይለጥፋል። የቀረው ሰው ወረቀቶቹን እያየ የሚገባበትን ቡድን ይመርጣል። የማይማርበት ወይም የማያዋጣበት ቦታ የተቀመጠም ተነስቶ ወደ ሌላው ይሄዳል። የሦስት ቀኑ መርሐ ግብር ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ተጠናቀቀ።

ኦወን ለዘዴው ካወጣቸው አራት መርሆች ሁለቱ የስብከት ድምፅ አላቸው። አንዱ የመጡት ሰዎች ትክክለኞቹ ናቸው ይላል፤ ሌላው የሆነው ሁሉ ሊሆን ይችል የነበረው ብቻ ነው ይላል። በቀረው ሰው ለሚብሰለሰል አዘጋጅ ይህ መልካም ማጽናኛ ነው።

እንደ እውነት ከተወሰደ ግን ያስቸግራል። ቪዛ የተከለከለው፣ ልጇን የሚይዝላት ያጣችው፣ እነሱስ ምን ሊባሉ ነው? አለቃዋ ክቡ ውስጥ ስላለ ርዕሷን ሳትለጥፍ የቀረች ወጣት መሐንዲስ ዝምታም ሌላ መልክ ሊኖረው አይችልም ነበር? አማኝ «እግዜር ያለው ሆነ» ሲል ፈራጅ እንዳለ አምኖ ነው። ጉባኤ አዘጋጅ ይህን አነጋገር ሲዋስ ግን ፈራጁም ተጠያቂውም አብረው ይጠፋሉ።

ከኦወን ቀድማ ይህን አደጋ ያየችው የሴቶች መብት ተሟጋቿ ጆ ፍሪማን ናት። በ1970 ባደረገችው፣ ኋላም ታትሞ በተሰራጨው ንግግሯ፣ መሪ የለንም ይሉ የነበሩትን የአሜሪካ የሴቶች ንቅናቄ ቡድኖች ሞገተች። ደንብ ያልጻፈ ቡድን ያለ ደንብ አይኖርም፤ ደንቡን የሚያውቁት ግን ጥቂት ወዳጃሞች ብቻ ይሆናሉ። ዘመድ ከዘመዱ ተጠራርቶ ነገሩን ከስብሰባው በፊት ይጨርሰዋል፤ ያልተመረጠ ደግሞ አይሻርም።

የኢንተርኔትን ቴክኒካዊ መስፈርቶች የሚያወጣው አይኢቲኤፍ የተባለው የመሐንዲሶች ጉባኤ ሌላ መንገድ መርጧል። አዲስ ሐሳብ ያላቸው ሰዎች «ቦፍ» የሚባል የውይይት ቡድን መጥራት ይችላሉ፤ የሚጠሩት ግን ጉዳያቸውን ጽፈው የዘርፉን ኃላፊ ካስፈቀዱ በኋላ ነው። የተሰብሳቢውን ዝንባሌ ለማወቅ ሰብሳቢው ቀድሞ ብዙ ጊዜ እጅ አያስቆጥርም ነበር፤ የሚደግፉት አፋቸውን ዘግተው እንዲያንጎራጉሩ፣ ቀጥሎም የሚቃወሙት እንዲሁ እንዲያደርጉ ይጠይቅ ነበር። ከየትኛው ወንበር ድምፅ እንደወጣ መለየት ስለሚያዳግት፣ ያቺ ወጣት መሐንዲስ አለቃዋ አዳራሹ ውስጥ እያለም ልትቃወም ትችል ነበር።

በ1998 በወጣው ደንብ መሠረት በአንድ ርዕስ ላይ ቦፍ የሚካሄደው አንድ ጊዜ ነው፤ በልዩ ሁኔታ ሁለተኛ ሊፈቀድ ይችላል፤ ሦስተኛ የለም። ገደቡ ያልተዋጠለት ሰው ሰነዱን አውጥቶ አንቀጹ ይሻሻል ብሎ በጽሑፍ መከራከር ይችላል።