የደቦ እርሻ

በአንድ የደጋ ቀበሌ አንዲት ልጅ የስምንተኛ ክፍልን ፈተና አለፈች። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ያለው የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ በወረዳው ከተማ ነው። አባቷ ሞቷል፤ እናቷ አቅም የላትም። አገሬው መከረና ማሳቸውን በደቦ አረሰ፣ እድሩ የቤት ኪራይ ቻለላት፣ ገበያ የሚወርድ ሰው ሁሉ በየተራ እንጀራና በሶ ያደርስላት ጀመር።

ዐሥረኛን ስትጨርስ የተፈጥሮ ሳይንስ ወይስ የማኅበራዊ ሳይንስ የሚለው ምርጫ መጣ። ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። አንዱ «ሐኪም ትሁንልን» አለ፤ ሌላው «ዳኛ እንጂ! የመሬት ሙግት ጨረሰን» አለ። ልጅቱ አቀርቅራ ዝም አለች።

አንዲት እማሆይ «አንቺስ፣ ልጄ?» ቢሏት፣ «እኔ ያየሁት መምህር፣ ነርስና ፖሊስ ነው፤ የሌላውን ሥራ አላውቀውም» አለች።

«እንግዲያው ስንቅ አድራሾች፣ አገልግሉን አስቀምጣችሁ አትመለሱ። ክፍል በማትገባበት ፈረቃ ሠራተኛ ያለበት ውሰዷት» አሉ እማሆይ። ችሎት ተቀምጣ ሰማች፤ ከመሬት ለኪው ጋር ሜትር ያዘች፤ የወፍጮ ሞተር ሲፈታ አየች። የእንስሳት ክሊኒክ ገብታ ግን ሆዷ የተነፋ ላም ነፍስ ስትዘራ አየችና «ይኸን ነው የምማረው» አለች።

ከሁሉ አብልጦ እህል የሚሰፍረው ባለጠጋ ተቆጣ፦ «እኔ ጤፌን የሰፈርኩት ለከብት ሐኪም ነው?»

«አንተ ዘንድሮ ደቦ ስትጠራ በሬያችንን ጠምደን መጣን። ገብሱን ተው፣ ባቄላ ዝራ ያለህ ሰው አለ?» አሉት እማሆይ። ፊቱ እንደጠቆረ ሄደ፤ ስንቁን ግን አላቋረጠም።

የገጠር ሰው በስንቅ አይታማም፤ ከራሱ አፍ ነጥቆ ያስተምራል። የጎደለው የእማሆይ ትእዛዝ ነው። ልጁ የሚያልመው ካያቸው ሦስትና አራት ሙያዎች መካከል ነው፤ እነሱ ሲያመልጡት መንገዱ ሁሉ የተዘጋ ይመስለዋል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ሲታረም 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከቀሩት መካከል ስንቱ ነው ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ምን እንደሚያስተምር አስቀድሞ የሰማው?

ለጥምቀትና ለፋሲካ አገር ቤት የሚገቡ ነርሶች፣ ቀያሾች፣ ኤሌክትሪሻኖች አሉ። ከበዓሉ ግማሽ ቀን ቆርሰው ከዘጠነኛና ከዐሥረኛ ክፍል ልጆች ጋር ይቀመጡ፤ የሥራቸውን ውሎ፣ ደመወዙንም ድካሙንም ሳይሸሽጉ ያጫውቷቸው። እህል የሚሰፍሩት አባቶችም አብረው ተቀምጠው ይስሙ።