ቀኑ ያልታወቀ ሙት ዓመት

ሰው ሲሞት የቀረው ወገኑ ሦስት ዕዳ እንዳለበት አባቶቻችን በሥርዐት ወስነው ትተውልናል፤ ይኸውም ማልቀስ፣ መቅበርና ማሰብ ነው። ሦስቱም የቆሙት ግን በአንድ ነገር ላይ መሆኑን ብዙ ጊዜ አናስተውልም፤ እርሱም የሞቱ እውነት መታወቁ ነው። አርባው የሚቈጠረው፣ ሙት ዓመቱም የሚታሰበው ሞት ከደረሰበት ቀን ተነሥቶ ነውና።

ይህን ነገር በጣና ዳር ሆነን እንመልከተው። በሐይቁ ውስጥ በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና የዐፄ ፋሲል ዐፅም ተጠብቆ ይኖራል። በባሕር ዳር ከተማም በዓባይ ወንዝ አጠገብ፣ ደርግን ሲዋጉ ለወደቁት የቆመ የሰማዕታት ሐውልት አለ። ንጉሡን ዐፅሙ፣ ታጋዩን ሐውልቱ ያስታውሰዋል። ከዚሁ ዳርቻ በዐዋጅ ተወስዶ፣ በሌላው ወገን ተሰልፎ የወደቀውን የገበሬ ልጅስ ማን ያስታውሰዋል?

በ1975 ዓ.ም. የወጣው የብሔራዊ ውትድርና ዐዋጅ ከ18 እስከ 30 ዓመት የሆነውን ወጣት ለስድስት ወር ሥልጠናና ለሁለት ዓመት አገልግሎት ያስገድድ ነበር። ይመለሳል ተብሎ ከተሸኘው ብዙው በዚያው ቀረ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን፣ ስለ ልጁ የሚጠየቀው አለቃም አብሮ ተበተነ፤ መርዶ የሚያረዳ ጠፋ።

ታዲያ እናቲቱ ምን ታድርግ? ሬሳ ባይገኝ ልብሱን አውጥቶ ማልቀስ በአገራችን የኖረ ልማድ ነው። ልብሱን ያወጣች እንደ ሆነ በሕይወት ያለ ልጇን በገዛ እጅዋ የቀበረች ይመስላታል፤ ባታወጣውም ለሙት የሚገባውን የነፈገች ይመስላታል። ለቄሱ የክርስትና ስሙን ስትነግር እንኳ፣ ከሕያዋን ጋራ ይጠራ ወይስ ከሙታን ጋራ፣ ቈርጦ መናገር አይሆንላትም።

ለክፉ መንግሥት የተዋጋ መታሰቢያ አይገባውም የሚል ይኖር ይሆናል። ሐውልት ክብር ነውና ለማን ይቁም ብሎ መከራከር ይቻላል። እውነትን መንገር ግን ዕዳ እንጂ ሽልማት አይደለም። ልጁን ከደጅዋ ስሙን ጽፎ የወሰደ መንግሥት፣ የደረሰበትንም ጽፎ ሊመልስ ይገባዋል፤ መንግሥት ቢለወጥ ዕዳው ለተተኪው ይተላለፋል። በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮርያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ ሙታኑን ከዚያ ሁሉ ርቀት ወደ አገሩ አስመልሷል። ከኮርያ ዐፅም ከተመለሰ፣ ከሰሜን ተራሮች ቢያንስ እውነተኛ ወሬ ሊመለስ በተገባ ነበር።

ስለዚህ ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ መዝገብ የያዝን ሁሉ፣ የወደቀ ወጣት ስም ስንጽፍ ቀኑንና ስፍራውን አንተው። ለእኛ አንድ መስመር ነው፤ ለእናቲቱ ግን አርባውን መቍጠር የምትጀምርበት ቀን ነው።